የዕፅዋት ክበብ ዘንድሮ ምን ሲሰራ ከረመ

የክበባት ዘገባ አምጡ ሲባል መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እንዶድ ነው። ልጆቹ የደረቀ ፍሬውን ወቅጠው በውሃ በጥብጠው የላብራቶሪ ጋዋን አጠቡበት፣ አረፋው ከባልዲው ወጥቶ ወለሉን ሞላው፣ የፅዳት ሰራተኛዋ እትዬ ግን ከመቆጣት ይልቅ "እኛ ልጅ ሆነን በዚህ አይደል እንዴ ነጠላ የምናጥበው" ብለው አብረው ማሸት ጀመሩ። ከዛ የሳይንቲስቱን የዶ/ር አክሊሉ ለማን ታሪክ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሰው በእንዶድ ልብስ ከሚያጥብበት በታች በኩል የውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያያሉ፣ ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ ደግሞ የሚተላለፈው በነሱ ነው፣ እንግዲህ ስንት ሰው በዛ ወንዝ እያለፈ ልብ ያላለውን ነው እሳቸው ያዩት። በነጋታው አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ ቀንድ አውጣ በሃይላንድ ይዞ "ቲቸር እንሞክረው" ብሎ መጣ፣ ያመጣው ግን የጓሮ እንጂ የውሃ ስላልነበር ወደ ጓሮው መለስነው።

ትልቁ ጉዟችን ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ነበር። የከተማ አስተዳደሩና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አብረው ያቋቋሙት ነው፣ ከ700 ሄክታር በላይ ይሰፋል። ልጆቹ ባህር ዛፉን ሲያዩ "እንዴት ያለ ጫካ ነው!" አሉ፣ እኔም ይሄንን ነበር የምጠብቀው። ባህር ዛፍ እኮ በምኒልክ ጊዜ ከውጪ የመጣ ነው፣ ጥዱ ለማገዶና ለቤት ተቆርጦ ሲያልቅ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ሁሉ ታስቦ ነበር፣ እና ስሙን ብቻ ማጥፋት ግፍ ነው፣ ከተማዋን ያቆያት እሱ ነው። ግን ከስሩ ጎንበስ ብላችሁ እዩ አልኳቸው፣ ደረቅ ቅጠል ብቻ፣ ሌላ ተክል የለም። ማዕከሉ ቀስ በቀስ በጥድ፣ በወይራ፣ በኮሶ ምናምን ሊተካው የሚለፋው ለዚህ ነው። ኮሶ ጋ ብዙ ቆየን፣ ወንድና ሴት ዛፍ ለየብቻ መሆኑን አንዳቸውም አያውቁም ነበር፣ የሴቷ አበባ ቀላ ይላል፣ ለኮሶ ትል የሚጠጣውም እሱ ነው። አንዷ "አያቴ ሲጠጣ ፊቱን እንዲህ ነው የሚያደርገው" ብላ ስታሳየን በሳቅ ሞትን።

ሁለተኛው ሴሚስተር በአብዛኛው በዕፅዋት ናሙና አለቀ። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበት ቦታ አለ፣ የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ የሚባለውም መጽሐፍ እዛ ነው የተሰራው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 አለቀ፣ 6000 ገደማ ዕፅዋት በ10 መጽሐፍ። በኋላ ላይ ስራውን የመሩት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ጉለሌንም መርተዋል። የኛ ልጆች ደግሞ ቀጋና ብሳና በጋዜጣ መሃል አድርገው ድንጋይ ጫኑበት፣ ጋዜጣውን በየቀኑ ያልቀየሩት ሻገተባቸው፣ የቀየሩት ግን አሪፍ ወጣ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተለጥፏል።

ችግኝ ተከላን በተመለከተ፣ ክረምት ላይ ተክሎ ፎቶ ተነስቶ መሄድን እኔ ስራ አልለውም፣ ስለዚህ ዘንድሮ ትንሽ ነው የተከልነው፣ ለእያንዳንዱም በበጋ ውሃ የሚያጠጣ ልጅ ተመድቦለታል። ከግቢው በስተጀርባ ያሉት ወይራዎች ይዘዋል፣ ጥዶቹን ግን ፍየል ቀመሰቻቸው፣ አጥር ያስፈልጋል።

ለሚቀጥለው ዓመት ናሙና ማድረቂያ አሮጌ ጋዜጣ በጣም ስለምንፈልግ ቤት የተከመረ ያላችሁ ወላጆች በልጆቻችሁ ላኩልን፣ የሚያብረቀርቀው ወረቀት ግን ውሃ አይመጥም፣ እሱ ይቅርብን።