የሥነ ጽሑፍ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ጨው፣ ብረትና ከቅርጫት የወጣ ክታብ

በክበባት ቀን ጠረጴዛችን አጠገብ ቆመው «የእናንተ ክበብ ስለ መናፍስት ድራማ ነው እንዴ የሚጽፈው?» ብለው የጠየቁኝ ወላጆችና ባልደረቦች ጥቂት አልነበሩም። በዚያ ግርግር መሀል በቅጡ መመለስ አልቻልኩምና መልሱን እዚህ አሰፍራለሁ። አዎ፣ ዘንድሮ የጻፍነው ስለ መናፍስት ድራማ ነው። በክበቡ ባገለገልኩባቸው ዓመታት ልጆቹ እንደ ዘንድሮ አንብበው፣ ጽፈውና እርስ በርስ ተራርመው አያውቁም።

ነገሩ የተጀመረው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። እንደ ወትሮው ግጥምና አጭር ልብ ወለድ አቅጄ ገባሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ24 አባላት የደረሰኝ ሦስት ግጥም ብቻ ነበር። በዚያው ሰሞን ግን ከዴስክ በታች እየተቀባበሉ የሚያነቡት አንድ የፊዚክስ ደብተር እጄ ገባ። ከጀርባው አርባ ገጽ ያህል ተጽፎበታል፤ በጥቃቅን ፊደል፣ ኅዳጉ ሳይቀር። ሱፐርናቹራል የተባለው ድራማ ካቆመበት የሚቀጥል ታሪክ ነበር። ልጆቹ «ፋን ፊክሽን» ይሉታል። እኛ በክበባችን «ቅጥያ» አልነው፤ ስሙም ጸደቀ። ማንም ሳያዝዘው አርባ ገጽ የጻፈን ልጅ «ትውልዱ አይጽፍም» እያልኩ ልወቅሰው አልቻልኩም። ደብተሩን መልሼለት የዓመቱን ዕቅድ ቀየርኩ።

ለማታውቁት፣ ድራማው እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2020 በአሜሪካ ቴሌቪዥን በ15 ሲዝን፣ በ327 ክፍሎች የተላለፈ ነው። ሳምና ዲን ዊንቸስተር የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው ዋናዎቹ። ሳም የስድስት ወር ሕፃን ሳለ እናታቸው በካንሳሷ ሎውረንስ ከተማ፣ በገዛ ቤታቸው በእሳት ትሞታለች፤ እሳቱ ግን የሰው እጅ ያለበት አይደለም። አባታቸው ከዚያ በኋላ የሚያሳድጋቸው አዳኝ አድርጎ ነው። በ1967 ሞዴል ጥቁር ኢምፓላ ከከተማ ከተማ እየዞሩ፣ ርካሽ ሞቴል እያደሩ፣ የሙታን መንፈስና ጭራቅ ያሳድዳሉ። ደብተሩን የጻፈው ልጅ በመጀመሪያው ስብሰባ ያነሳው ነጥብ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። «አዳኝ» የሚለው ቃላችን ከማደንም ከማዳንም ይወጣል፤ የሁለቱ ወንድማማቾች ሥራ ደግሞ ሁለቱንም ነው አለ። የአማርኛ መምህር ሆኜ እንዲህ ያለ የቃል ትምህርት ከተማሪ ስቀበል ምን እንደተሰማኝ ባልደረቦቼ ይረዱኛል።

በየረቡዑ ከ9 ሰዓት በኋላ ተሰብስበናል። የአባላት ምዝገባ፣ የኮሚቴ ምርጫ፣ የግድግዳ ጋዜጣ ዝግጅት እንደየጊዜው ተከናውኗል። ዓመቱን በሙሉ ያከራከረን ግን አንድ ጥያቄ ነው፤ አንዱ ቅጥያ ልብ ሲያደርስ ሌላው ተነቦ የሚረሳው ለምንድን ነው?

ልጆቹ ለሕጉ ቀናተኞች ናቸው። በድራማው ዓለም መንፈስ ጨው የተነሰነሰበትን ደፍ አያልፍም፤ ብረት ያባርረዋል፤ ጨርሶ የሚሄደው አጥንቱ ጨው ተነስንሶበት ሲቃጠል ነው። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ጀግኖቹን ጥግ ካስያዘ በኋላ መልአኩን ካስቲኤልን ከሰማይ አውርዶ በአንድ ብልጭታ ሁሉንም ገላገላቸው። ክፍሉ አጉረመረመ። «እንዲህ ከሆነ ጨው የሚሸከሙት ለምንድን ነው?» አለች አንዷ። ልጁ ተቀየመ፤ በሳምንቱ ግን መልአኩ የማይደርስበትን ምክንያት ፈልጎ ወንድማማቾቹን በአንድ ከረጢት ጨው ብቻ እስኪነጋ አቆያቸው። ስንሰማ ትንፋሻችንን ይዘን ነበር። ፍርሃት የሚመጣው ማምለጫው ጠባብ ሲሆን ነው። እኔ ስለ ሴራ በሰሌዳ ላይ የማስተምረውን እነሱ በራሳቸው ክርክር ደረሱበት።

ሁለተኛው ፈተና አንደበት ነው። ከ11ኛ ክፍል አንዷ ዲን ታናሽ ወንድሙን ይቅርታ የሚጠይቅበት ታሪክ አመጣች፤ የይቅርታው ንግግር ብቻ አንድ ገጽ ተኩል ነው። ቃሉ ያማረ ነበር፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ሌሎቹ ግን በአንድ ድምፅ «ዲን እንዲህ አይናገርም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሲከፋው የሚቀልድ፣ ሲያዝን መኪናውን የሚጠግን ሰው ነው። በመኪናው ውስጥ ደግሞ የታወቀ ደንብ አለው፤ ሙዚቃ የሚመርጠው ሾፌሩ ነው፣ ከጎን የተቀመጠው ዝም ይላል። ልጅቷ ያን ሁሉ ንግግር ሰርዛ በሁለት መስመር ተካችው። ዲን ሞተሩን ያስነሳል፤ የካሴቱን ሳጥን ወደ ሳም ይገፋና ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ «ምረጥ» ይለዋል። በቃ። ድራማውን ያየ ሰው ያቺን አንዲት ቃል ሲሰማ ከይቅርታም በላይ ይሰማል።

ችግር አልገጠመንም አልልም። አንድ ወላጅ ልጃቸውን ከክበቡ አስወጥተዋል። ቤት ውስጥ የሰይጣን ወሬ እንዲወራ አልፈልግም አሉኝ፤ ስጋታቸውን አከብራለሁ። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኛም ያደግነው ምድጃ ዳር ስለ አያ ጅቦና ስለ ጭራቅ እየሰማን ነው። እዚህ ክበብ ውስጥ ክፉ መንፈስ ተወድሶ አያውቅም፤ ከክፉ ጋር የተዋዋለ ሁሉ ዋጋ ሲከፍል ነው የጻፍነው። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ክፍላችን ለማጠናከሪያ ትምህርት ስለተወሰደ ለአራት ሳምንት በረንዳ ላይ ተሰብስበናል። አራት እትም ካቀድነው የግድግዳ ጋዜጣ የወጣው ሁለት ነው። የዘጠኝ ልጆች ጽሑፍ የነበረበት ፍላሽም በቫይረስ ተበላሽቶብናል።

አሁን ልጽፈው ወደ ጓጓሁለት ልምጣ። ሚያዝያ ውስጥ ወላጆች የታክሲ አዋጥተውልን አራት ኪሎ ወደሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄድን። ከልጆቹ ብዙዎቹ ያን ያህል መጽሐፍ በአንድ ጣሪያ ሥር አይተው አያውቁም። ከሰዓት በኋላ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ተራ በተራ ማንበብ ጀመርን። ዓመቱን ሙሉ አንድም ጽሑፍ ያላነበበች፣ ሁልጊዜ ከኋላ የምትቀመጥ የ10ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች።

ታሪኳን ለመረዳት ስለ ክታቡ ማወቅ ያስፈልጋል። ዲን አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥላት የነሐስ ጌጥ አለች፤ ትንሽ ልጅ ሳሉ፣ አባታቸው ሳይመጣ በቀረበት የገና ሌሊት ሳም የሰጠው ናት። በአምስተኛው ሲዝን፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ዲን ተስፋው ሲሟጠጥ ሳም እያየው የሞቴሉ ቅርጫት ውስጥ ጥሏት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጌጧ ከሳም ኪስ እያበራች ትገኛለች። በመሀል ያለውን፣ ከቅርጫቱ እንዴት እንደወጣች፣ ካሜራው አላሳየንም።

ልጅቷ የጻፈችው ያንን ክፍል ስለምታጸዳው ሴት ነው። ሴትዮዋ ስትገባ ደፉ ላይ ጨው ፈሷል፣ አንሶላው ላይ ደም አለ። አትጮኽም። ጨውን በመጥረጊያ አትጥለውም፤ ሰብስባ በቀዝቃዛ ውኃ ትበጠብጠውና አንሶላውን ትነክርበታለች፤ ደም የሚለቀው እንደዚያ ነው። ቅርጫቱን ስትገለብጥ ጌጧን ታገኛለች። ኪሷ አትከታትም፤ ድሮ በሠራችበት ቤት በጠፋ የጆሮ ጌጥ ተፈትሻለችና። ማንም እንዲያያት መዳፏ ላይ ዘርግታ ትይዛታለች። ያኔ ረጅሙ ወጣት፣ ሳም መሆኑ ነው፣ ተመልሶ በር ላይ ይቆማል። «ቻርጀር ረስቼ ነው» ይላል። ቻርጀር የለም። ሴትዮዋ ግን አብራው አልጋ ሥር ጎንበስ ብላ ትፈልጋለች። ከዚያ ቀና ብላ መዳፏን ወደ እሱ ትዘረጋለች። ይወስዳል፣ ኪሱ ይከታል፣ ይሄዳል። እሷም የቅርጫቱን ላስቲክ ትቋጥራለች።

አንብባ ስትጨርስ ማንም አልተናገረም። 327ቱንም ክፍል በቃሉ የሚያውቅ፣ የእያንዳንዳችንን ስህተት የሚለቅም አንድ የ12ኛ ክፍል ልጅ አለን። ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን። ጥቂት አሰበና «ከምኑም ጋር አይጣረስም» አለ። በክበባችን ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም። እኔ ግን በዚያች ሰዓት የገባኝ ሌላ ነው። እስከዚያ ጨው መንፈስ መከላከያ ብቻ ነበር፤ እሷ ደም ማስለቀቂያ አደረገችው፣ ሕጉም አልፈረሰም። ድራማው በሩን ዘግቶ የሄደበትን ክፍል ከፍታ በውስጡ ሰው አገኘች። ቅጥያ የሚያረካው እንዲህ ሲሆን ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ አንሶላውና ስለ ጨው ከየት እንዳወቀች ጠየቅኳት። እናቷ ዐረብ አገር ሰው ቤት ለዓመታት ሠርታ አምና ነው የተመለሰችው፤ ልጅቷን ያሳደጓት አያቷ ናቸው። ይህን የምጽፈው ከሁለቱም ፈቃድ ጠይቄ ነው።

ይህን ሥራ እንደ ጨዋታ ለሚያዩት አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 በተላለፈው 200ኛ ክፍል፣ የድራማው አዘጋጆች ራሳቸው ታሪኩን የሠሩት በአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ተማሪዎች ላይ ነው፤ ልጆቹ የወንድማማቾቹን ሕይወት በራሳቸው መንገድ ለመድረክ ሲያዘጋጁ ያሳያል። ዲን መጀመሪያ ይቆጣል፤ ኋላ የልጆቹ ታሪክ የልጆቹ እንደሆነ ይቀበላል። ከተማሪዋ እጅ የክታቡን ቅጂ ተቀብሎም መኪናው መስታወት ላይ ይሰቅላል። የሰኔውን የመጨረሻ ስብሰባ ይህን ክፍል በማየት ዘግተናል፤ በአንዲት ስልክ ዙሪያ 17 ልጆች ተደራርበን።

ለስፖርት ክበብ በየዓመቱ ማሊያ መገዛቱን እደግፋለሁ፤ ልጆቹ ይገባቸዋል። የሥነ ጽሑፍ ክበብ ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ የተሰጠው አንድ ደስጣ ወረቀት ነው። ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው፤ ያገለገለም ቢሆን አንድ ኮምፒውተር፣ ቁልፍ ያለው ሣጥን፣ ለማተሚያው ቀለም፣ ለረቡዕ ከሰዓት ደግሞ የማይነጠቅ አንድ ክፍል።

የውጤት ካርድ በተሰጠ ቀን የዚያች ልጅ እናት ግድግዳ ጋዜጣው ፊት ለረጅም ጊዜ ቆማ አየኋት፤ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። ስትጨርስ ወደ ልጇ ዞረች። «ሴትዮዋን ስሟን ለምን አልጻፍሽውም?» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ አንድ ቅጂ እንድሰጣት ለመነችኝ። ቢሮ ወረድኩ፤ ማተሚያው ቀለም አልነበረውም። ልጅቷ በረንዳው ላይ ተቀምጣ አራቱንም ገጽ በእጇ ገለበጠችላት። ወረቀቱን ስትሰጣት ስም ጽፋበት ነበር።