ብስክሌትሽን ሰጠሁብሽ

ውድ ልጄ እሙዬ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽ ሰላም ብሎሻል።

አንድ የምናዘዝልሽ ነገር አለኝ። ጋራዥ ውስጥ የነበረችውን ቀይ ብስክሌትሽን ሰጠሁብሽ። ሳልጠይቅሽ። ግን ጥፋቱ ያንቺም ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤት ዕቃ በነፃ የሚሰጣጥበት የሰፈራችን "ባይ ናቲንግ" ቡድን ውስጥ ያስገባሽኝ አንቺ ነሽ።

መስጠቱ አልከበደኝም። ያቃተኝ መጠየቁ ነው። ለበርበሬ የሚሆን ክዳን ያለው ጠርሙስ ፈልጌ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስጽፍ ሳጠፋ ከረምኩ። ሐበሻ ቢያይስ? ቸገራት ቢሉስ? በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ ለጠፍኩት። በማግስቱ አንዲት ሴትዮ አሥራ ሁለት ጠርሙስ አጥባ፣ ካርቶን ውስጥ ደርድራ በሯ ላይ አስቀመጠችልኝ። ማን መሰለችሽ? ሦስተኛው ቤት ያለችው! ስንት ዓመት ከሩቅ እጅ ብቻ ስንነሳሳ የኖርነው። ዕቃ ባዶውን አይመለስም ብዬ አንዱን በርበሬ ሞልቼ ወሰድኩላት። "ልውውጥ ክልክል ነው" ብላ ሳቀች። በርበሬውን ግን አልመለሰችም።

እውነትም ደንቡ ገንዘብም ልውውጥም የለም ነው የሚለው። እኔ ያደግሁት በልዋጭ ነው። አያትሽ የአባቴን አሮጌ ኮት ሰጥታ ሳፋ ለመውሰድ ግማሽ ሰዓት ትከራከር ነበር። ጠርሙስና ቆርቆሮውን ደግሞ ቆራሌው ከእኛ ይገዛል፤ ከዚያ ምናለሽ ተራ ገብቶ ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወጣል። እዚያ ሁሉም ነገር ዋጋ ነበረው። እዚህ ደህናው ወንበር መንገድ ዳር ይጣላል።

ባይ ናቲንግ የተጀመረው እዚሁ ከሲያትል ማዶ እንደሆነ ታውቂያለሽ? በልጅነትሽ በጀልባ የወሰድንሽ ቤይንብሪጅ ደሴት ላይ። በፈረንጆቹ ሐምሌ 2013 ነው። ሊዝል ክላርክና ርብቃ ሮክፌለር የሚባሉ ሁለት ጓደኛሞች ባሕር ዳርቻ የወደቀ ፕላስቲክ ሲያዩ ነው አሳቡ የመጣላቸው። ክላርክ ኔፓል ተራሮች ላይ ሰዎች ያላቸውን ሲካፈሉ አይታ ነበር። ከዚያ ከሰፈር ሰፈር እየተዛመተ ዛሬ አባላቱ በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ቡድኖቹን ቀን ከሌት የሚያስተባብሩት ደሞዝ የሌላቸው ሰዎች ናቸው፤ እንደ ዕድር ዳኛ በያቸው።

እንደ ዕድርም ይጣላሉ። የአንድ ቡድን አባል ሲበዛ በሰፈር ይከፈል ነበር። በዚህ ስንት ቦታ ተጨቃጨቁ መሰለሽ! ሀብታሙ ከሀብታም፣ ደሃው ከደሃ ጋር ይቀራል አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን ፊቱን የማላውቀውን ሰው ጠርሙስ ስጠኝ ማለት አልችልም። በፈረንጆቹ 2021 መሥራቾቹ የራሳቸውን የስልክ መተግበሪያ ሲያወጡ ደግሞ አንዳንድ አስተባባሪዎች አኩርፈው ወጡ። ይሁን፣ የእኛ ሰፈር እንዳለ ነው።

አባትሽ መጀመሪያ "አንድ ብስክሌት ባይጣል ቆሻሻው ምን ይቀንሳል?" ብሎ አሾፈብኝ። የሲያትል ቆሻሻ በባቡር ተጭኖ ኦሪገን፣ አርሊንግተን ድረስ ሄዶ እንደሚቀበር ስነግረው ዝም አለ። ቅዳሜ ጠዋት የብስክሌትሽን ሰንሰለት ዘይት ሲቀባ አገኘሁት።

የወሰደቻት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። እግሯ ገና በደንብ አይደርስም። ደወሏን ግን ነቅዬ አስቀርቻለሁ። መሳቢያሽ ውስጥ ናት።

እናትሽ