ድሬ የራሷን ጊታር እንድትሠራ፦ ለጋራ ወርክሾፓችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለድሬዳዋና ለሐረር ነዋሪዎች፣ በውጭ አገር ላላችሁም የድሬ ልጆች፤

ድሬ ላይ ጊታር ይዞ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሲገዛ ደህና የነበረ ጊታር በጋው ሲጠና ፊቱ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ክሩ ፍሬቱን፣ ማለት በአንገቱ ላይ በአግድም የተተከለውን ሽቦ፣ እየነካ ይንጫረራል፣ የፍሬቶቹ ጫፍ ከአንገቱ ጠርዝ ብቅ ብሎ እጅ ይቧጭራል፣ ትንሽ ቆይቶ ክሮቹ ፊቱ ላይ ከሚታሰሩበት ከብሪጁ ግርጌ ስንጥቅ ይመጣል። ብዙዎች «ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ነው» ይላሉ። ውዱም ግን እንዲሁ ይሆናል። እንጨት እርጥበቱን ሲያጣ በወርዱ ይኮማተራል፤ በቁመቱ እምብዛም አይነቃነቅም። ጊታሩ የተጣበቀው እርጥበት ባለው አገር ከሆነ፣ ድሬ ሲደርስ የፊቱ ሰሌዳ መጥበብ ይፈልጋል፤ ከውስጥ በአግድም የተለጠፉት ዘንጎች ደግሞ አላስኬድ ይሉታል። መሄጃ ሲያጣ ይሰነጠቃል።

ከዚያ በኋላ ወይ አዲስ አበባ ይላካል፣ ወይ በምስማርና በኮላ ይታሰራል፣ ወይ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። አሊ ቢራ ያደገባት፣ የአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን የተነሣባት ከተማ ለተሰነጠቀ ጊታር ይህን ያህል መቸገሯ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ጥቂት አናጺዎች፣ ሙዚቀኞችና መምህራን ተሰባስበን የጋራ የጊታር መጠገኛና መሥሪያ ወርክሾፕ ለማቋቋም ተነሥተናል። ቦታ አለን፤ አንድ አባት ከግቢያቸው አንድ ሰፊ ክፍል ያለ ኪራይ ሰጥተውናል፣ እግዜር ይስጥልን። የጎደለን መሣሪያ ነው።

ሐሳባችንን የሚሰማ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀን ስለ ማሽን ነው። ጣውላ የሚሰነጥቅ ማሽን በየእንጨት ቤቱ አለ፤ ሄደን ከፍለን እናሰነጥቃለን። ጊታር ሠሪ ሌላ ሰው የማያበድረው ትንንሽና ለዚሁ ብቻ የተሠራ መሣሪያ ነው የሚፈልገው። የፍሬት መጋዝን እንውሰድ። የክሩ ርዝመት 650 ሚሊ ሜትር በሆነ ጊታር የመጀመሪያው ፍሬት ቦታ የሚገኘው 650ን ለ17.817 በማካፈል ነው፤ 36.48 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የቀረውን ርዝመት እንደገና ለ17.817 ማካፈል፣ እንዲያ እያሉ መውረድ ነው። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት 325 ላይ፣ ልክ እኩሌታው ላይ ያርፋል። ስሌቱን የስምንተኛ ክፍል ልጅ ይሠራዋል፤ ጣጣው መቁረጡ ላይ ነው። የፍሬቱ ሽቦ እግር የሚገባበት ቦይ ስፋቱ 0.6 ሚሊ ገደማ ነው። ተራ የአናጺ መጋዝ ከዚያ አስፍቶ ስለሚከፍት ሽቦው አይነክስም፤ ዛሬ ገብቶ ነገ ይነሣል። ቦዩ የግማሽ ሚሊ ያህል ከቦታው ቢዛነፍ ደግሞ ያ ጊታር ዕድሜ ልኩን አይቃናም።

የክር ማስቀመጫ ሞረዶችም እንደዚሁ ናቸው። በአንገቱ ጫፍ ላይ ያለው አጥንት ለስድስቱ ክሮች ስድስት የተለያየ ስፋት ያለው ቦይ ይፈልጋል፤ ለብረት ክር ከ0.3 ሚሊ ጀምሮ እስከ 1.3 ሚሊ ድረስ። አጥንቱን ራሱን አንጠይቃችሁም። ሉካንዳ ቤት የበሬ አጥንት፣ ገበያው ላይ የግመል አጥንት ሞልቷል፤ ቀቅሎ ቅባቱን ማውጣትና ማድረቅ ብቻ ነው።

ብዙው ነገር እንዲሁ እዚሁ ይገኛል፣ ይህ ነው የሚያበረታኝ። የጊታሩ ጎን የሚታጠፈው 2 ሚሊ ያህል የሳሳ ጣውላ ውኃ ተነክቶ በጋለ የብረት ቱቦ ላይ ቀስ እየተባለ ሲጫን ነው። ሙቀቱ እንጨቱን ያለሰልሰዋል፣ ሲቀዘቅዝ እንደታጠፈ ይቀራል። ቱቦው መጋሉ የሚታወቀው ጠብ ያለበት ውኃ ዘልሎ ሲሄድ ነው። ይህን ቱቦ የድሬ በያጆች ይሠሩልናል፤ ከውስጡ ከሰል ይበቃዋል። የውስጥ ዘንጎችን ስናጣብቅም በደርዘን የሚቆጠር ክላምፕ አያስፈልገንም፤ ሰሌዳውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ በላዩ ጣሪያ መሰል ሳንቃ አድርጎ በመካከላቸው የቀርከሃ ስንጣሪ እያጎበጡ መወጠር የታወቀ ዘዴ ነው። የጠርዙን መዋቢያ ከአሮጌ ከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ እናስራለን፤ ባጃጅ በሞላበት ከተማ ይህ አይጠፋም። ሰሌዳውን የሚያለሰልሰው የብረት መፋቂያ ደግሞ ከተጣለ መጋዝ ይቆረጣል።

ከሁሉ በፊት የምንገዛው የአየር እርጥበት መለኪያ ነው። ጊታር ሠሪዎች የሥራ ክፍላቸውን እርጥበት ከ45 እስከ 50 በመቶ ላይ ለማቆየት ይደክማሉ። ለዚህ የድሬ ደረቅ አየር ያግዘናል። በደረቅ አየር የተጣበቀ ጊታር እርጥበት ወዳለበት ሲሄድ ፊቱ ትንሽ ያብጣል እንጂ በቀላሉ አይሰነጠቅም፤ የሚሰነጠቀው ተቃራኒው ነው። እዚህ የተሠራ ጊታር ለድሬም ለሐረርም ለጅጅጋም የሚሆነው ለዚህ ነው። ሙቀቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ሙጫ 60 ዲግሪ ሲደርስ መላላት ይጀምራል፤ ከዚራ ሰፈር ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ጊታር የተወ ሰው ብሪጁ ተነሥቶ ሊያገኘው ይችላል። የብረት ክር የተወጠረበት ጊታር ብሪጅ በድምሩ 70 ኪሎ ያህል ይሳባል፣ የናይለኑ 40 ገደማ። እግረ መንገዴን፣ ለናይለን የተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር የምታስሩ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ ተዉ።

አሁን ወደ እንጨቱ። ለጀርባና ለጎን ዋንዛ እንጠቀማለን፤ ፍሬቶቹ ለሚተከሉበት ለፊንገርቦርድና ለብሪጅ ወይራ፣ ጥንካሬው ታውቆ ያደረ ነውና። ነገር ግን አንድም ዛፍ እንዲቆረጥልን አንሻም። ዋንዛ እየተመናመነ ነው፤ ደግሞም አዲስ የተቆረጠ እንጨት ለመድረቅ ዓመታት ይፈልጋል። የምንለምነው አሮጌውን ነው። ቤት የምታፈርሱ፣ የአያት ቁምሳጥን፣ የተሰበረ አልጋ፣ የበር መቃን ያላችሁ፣ ለማገዶ ከመስጠታችሁ በፊት ጥሩን። ሠላሳና አርባ ዓመት በድሬ አየር የደረቀ ዋንዛ ለእኛ ከአዲስ ጣውላ ይበልጣል።

ከእንጨቱ መካከል ከውጭ የሚፈለገው የፊቱ ሰሌዳ ብቻ ነው። ድምፁን የሚወስነው እሱ ነው፤ ቀላልና ጠንካራ፣ ቀለበቱ ጠባብ የሆነ ስፕሩስ ወይም ሴዳር የሚባል እንጨት። የዛሬውን የክላሲክ ጊታር ቅርጽና መጠን ያጸናው ስፔናዊው አንቶኒዮ ደ ቶሬስ (1817–1892) በ1862 እ.ኤ.አ. ጀርባውና ጎኑ ከካርቶን የሆነ ጊታር ሠርቶ ነበር፤ ፊቱን ብቻ ከደህና እንጨት አድርጎ። ድምፁ ከፊቱ ሰሌዳና ከውስጥ ዘንጎቹ እንደሚመጣ ለማሳየት ነው። «በዋንዛ ጊታር ይሆናል ወይ» ለሚሉን ይህን እንነግራቸዋለን። ሰሌዳው ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ስለሚሳሳ፣ ከውጭ ለሚያመጣልን ሰው ጥንዱ ሰሌዳ (ሁለቱ ግማሽ) ሻንጣ አያከብድም።

ድሬ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የባቡሩ ጋራዥ ብረት ቆራጭ፣ ቀጥቃጭና አናጺ ሲያፈራ ኖሯል። ዛሬ በጡረታ ላይ ያላችሁ አባቶች፣ መሮ እንዴት እንደሚሳል፣ መላጊያ እንዴት እንደሚስተካከል የእናንተ እጅ ያውቃል። ገንዘብ ባትሰጡን እንኳ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሁለት ሰዓት ተቀምጣችሁ ለልጆቹ ብታሳዩ ከሁሉም ስጦታ እኔ ይህን አስበልጣለሁ። መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ የስለት ልክ ግን አጠገብ ተቀምጦ ካልታየ አይለመድም።

አሠራራችን እንዲህ ነው። መጀመሪያ አሥር ወጣቶች፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ ጥገና ይማራሉ። ስንጥቅ መዝጋት፣ ብሪጅ መልሶ ማጣበቅ፣ ፍሬት መቀየር። የተሰበረውን ያልከፈተ ሰው አዲስ ሲሠራ ለምን እንደሚሰበር አያውቅም፤ ስለዚህ አዲስ ጊታር ወደ መሥራት የምንገባው ከዚያ በኋላ ነው። የጥገናው ገቢ ለሙጫ፣ ለብርጭቆ ወረቀትና ለመብራት ይሆናል፤ ዕርዳታ ለዘላለም አንለምንም።

ገንዘቡ ለሥራ ጠረጴዛዎች፣ ለሞርሳ፣ ለመላጊያና ለመሮ፣ ውፍረት ለሚለካ ካሊፐር፣ ከላይ ለጠቀስናቸው መጋዝና ሞረዶች ይውላል። ሃምሳ ብርም ብትሆን እንቀበላለን። የባንክ ሂሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰው ፊርማ ነው፤ ምን እንደገባና ምን እንደተገዛ በየወሩ ከነደረሰኙ በወርክሾፑ በር ላይ ይለጠፋል። መጥቶ መጠየቅ የማንኛውም ሰው መብት ነው።

የተሰበረ ጊታር ያላችሁ ደግሞ አምጡልን፤ አንገቱ ቢሰበርም ፊቱ ቢጠፋም ለመማሪያ ይሆናል። ሊጠገን የሚችለውን ጠግነን እንመልሳለን፣ የማይጠገነው ግን መቃኛ ቁልፉና ፍሬቱ ለሌላው ይተርፋል።

በውጭ ያላችሁ፣ ለበዓል ወይም ለሠርግ ወደ ድሬ የምትመጡ ካላችሁ፣ ሻንጣ ሳትዘጉ ጻፉልን። በዚያ ወር የጎደለንን፣ ፍሬት ሽቦ ይሁን መቃኛ ቁልፍ፣ መጋዝ ይሁን ጥንድ ሰሌዳ፣ ከነመጠኑ እንልክላችኋለን፤ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ዕቃ ይዞ እንዳይመጣም እናስተባብራለን።