እታለም፣ ውሻ የማሳደጉን ነገር

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእታለም፣ ቢቸና

እንደምን ሰነበታችሁ? እማዬ እንዴት ናት? ጉልበቷን ተሻላት? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ፣ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ባለፈው «ውሻ ልታሳድግ ነው አሉ፣ እውነት ነው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ስልኩ ተቋረጠ። ትንሹ ልጅሽም ከጎረቤት ቡችላ ካልመጣልኝ እያለ መግቢያ መውጫ አሳጥቶሻል። የኔም የእሱም ጉዳይ አንድ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ። ለእማዬም አንብቢላት።

አዎ፣ እውነት ነው። ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ቤት ስገባ እንዴት ዋልክ የሚል የለም። እዚህ በርሊን ፋልከንበርግ የሚባል ሰፈር ትልቅ የእንስሳት መጠለያ አለ፤ ባለቤት ያጡ ውሾችና ድመቶች የሚያሳድጋቸው ሰው እስኪገኝ እዚያ ይቆያሉ። መጠለያውን የሚያስተዳድረው ማኅበር በፈረንጆች ከ1841 ጀምሮ ያለ ነው። ሄጄ አየሁ። አንዲት ቡናማ ውሻ አለች፣ አፏ ዙሪያ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት። ሲያወጧት አልዘለለችም፣ አልጮኸችም። ቀስ ብላ መጣችና ጎኗን ጉልበቴ ላይ ጣል አድርጋ ቆመች። ክብደቷ ሁሉ ይሰማኛል። ጆሮዋ ሥር ሳክላት ዓይኗን ጨፈነች። እታለም ሙት፣ በዚያች ሰዓት ብትጠይቂኝ «ዛሬውኑ ነው የምወስዳት» እልሽ ነበር።

ግን እዚህ ወደድኳት ብሎ ይዞ መሄድ የለም። ሠራተኛዋ አስቀምጣ ትጠይቅሻለች። ሥራህ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ብቻዋን ምን ያህል ትቆያለች? አከራይህ ፈቅዶልሃል? ብትታመም ማሳከሚያ አለህ? አገርህ ስትሄድ ማን ጋ ትተዋታለህ?

የገንዘቡን አስቤበት ነበር። ለአንድ ውሻ ለከተማው በዓመት 120 ዩሮ ግብር ይከፈላል። ሰው ብትነክስ ወይ ንብረት ብታበላሽ የሚከፍል ኢንሹራንስም ግዴታ ነው፣ ሐኪሙ ደግሞ ለብቻው። ሕጉም ውሻ በቂ ጊዜ ውጭ መውጣት አለበት ይላል። በረዶም ይጣል ዝናብ፣ ትወጫለሽ። ይህንንም እችለዋለሁ። «ማን ጋ ትተዋታለህ?» ስትለኝ ግን የምመልሰው አጣሁ።

ያን ጊዜ ደፋር ትዝ አለኝ። ደፋር የማን ውሻ ነበር? የአንድ ሰው አልነበረም እኮ። እማዬ በአጓት የራሰ እንጀራ ትሰጠዋለች፣ አባባን እርሻ ድረስ ይከተላል፣ እኛ ከብት ስንጠብቅ አብሮን ይውላል፣ ሌሊት ጅብ ሲያገሳ ደግሞ ሥራው እሱ ነው። አንዱ ገበያ ቢወጣ ሌላው ቤት አለ። ያ ግቢ አንድ ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም። እዚህ ግን የዚያች ውሻ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። እኔም የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው፣ የማታ ፈረቃ፣ ከመንገዱ ጋር ግማሽ ቀን ይወስድብኛል። ሲነጋ እመጣና እተኛለሁ። ታዲያ ከመጠለያ አውጥቼ አራተኛ ፎቅ ላይ ልዘጋባት ነው? እዚያ ቢያንስ ሰው ይመላለሳል፣ ከሌሎች ጋር ትጫወታለች። መውደዱንስ ወድጃታለሁ፤ የጎደለኝ ሰዓትና ሰው ነው። ስለዚህ አልወሰድኳትም። ከበደኝ፣ አልዋሽሽም።

ጓደኞቼ «ድመት ውሰድ፣ ግብር የለባትም፣ ሽርሽር አትፈልግም» ይሉኛል። እሱንም አሰብኩ። ደፋር በሁዳዴ 55 ቀን ከኛው ጋር የጾም ፍትፍት በልቶ ይከርም ነበር። ድመት ግን ሥጋ ካልበላች ጤና የላትም፣ እዚህ ደግሞ ጎታ ሥር አይጥ አታገኝም። እማዬም «ሥዕለ ማርያም ባለበት ቤት እንስሳ?» ማለቷን ነግረሽኛል። ቃሏን አቃልዬ አላልፈውም። የንስሐ አባቴን ሳልጠይቅ ምንም አላደርግም በይልኝ። እስከዚያው በእረፍቴ ቀን የመጠለያውን ውሾች ለማንሸራሸር ተመዝግቤያለሁ። ወደ ቀን ፈረቃ ከተዛወርኩ ያኔ እንደገና አስብበታለሁ።

ወደ ልጁ ልምጣ። ቡችላው ይምጣለት ባይ ነኝ፣ ቤታችሁ ሰው አለው። ግን መጀመሪያ አንቺ እሺ ማለት አለብሽ። እሱ አሁን አራተኛ ክፍል ነው፣ ውሻ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ልጁ ለትምህርት ደብረ ማርቆስ ሲሄድ ውሻው ያንቺ ነው። ይህን ካልፈለግሽ ከአሁኑ ንገሪው፣ አልቅሶ ይወጣለታል።

እሺ ካልሽ ደግሞ ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ አትለዩት። ሦስት ወር ሲሆነው የእብድ ውሻ ክትባት ይከተብ፣ በየጊዜውም ይደገም። እዚህ አገር ለዱር ቀበሮ ሳይቀር ክትባቱን በምግብ ውስጥ እያደረጉ ጫካ ሲበትኑ ኖረው ነው በፈረንጆች 2008 ከዚህ በሽታ ነጻ የወጡት። እኛ ጋ ግን አሁንም አለ፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የእኛም ይሁን የሰው ውሻ ልጆቹን ቢነክስ ወይ ቢቧጭር፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱ። እስኪ ይታይ ብላችሁ አትጠብቁ። ጠበሉም ይቀጥል፣ ክትባቱ ግን አይቅር። አደራ እታለም፣ ይቺን ለጎረቤትም ንገሪ።

በበዓል በግ ሲታረድ ደግሞ ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ አይጣል፣ ይቀበር። ከውሻው ወደ ሰው የሚተላለፍ ትል አለው።

ሴት ቡችላ ናት ብለውም እንዳይጥሏት። ብትወልድስ ብለሽ ከፈራሽ መጀመሪያውኑ ወንዱን ውሰጂ።

የከብት ሐኪሙ ጋ ሄደሽ የክትባቱን ዋጋ ጠይቂልኝ። ቢቸና ካልተገኘ ደብረ ማርቆስ ይጠየቅ። ብሩን ከወሩ ጋር አብሬ እልካለሁ። ልጁም ስሙን ምን ሊለው እንዳሰበ በድምፅ ቀርጾ ይላክልኝ።

እማዬን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ፣ ከበርሊን