ለቦሌ ለሚ የሕፃናት ማቆያ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2006 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ዙሪያው ገና የእርሻ መሬት ነበር። ዛሬ ማሳው በኪራይ ክፍሎች ተሞልቷል። በፓርኩ ፋብሪካዎች ልብስ የሚሰፉት አብዛኞቹ ከየክልሉ የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ ንጋት ላይ ሰርቪስ ይጠብቃሉ፣ ሲመሽ ይገባሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ እዚሁ አግብተው ወልደዋል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ከነደመወዙ ይፈቅዳል። ቀድሞ ከወሊድ በኋላ ይሰጥ ከነበረው 60 ቀን ይሻላል። ነገር ግን ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ የእናት ጡት ወተት ብቻ ማግኘት እንዳለበት ጤና ጣቢያ የሄደ ሁሉ ሰምቷል። እናት ወደ ስፌት ማሽኗ ስትመለስ ልጇ ገና ሦስት ወሩ ነው።

አንዳንዷ ልጇን ገጠር ለአያቱ ትልካለች፤ አንዳንዷ ሥራዋን ትተዋለች። የቀሩት የብዙ ሰው ልጅ በአንድ ጠባብ ክፍል ለምትይዝ ጎረቤት ይሰጣሉ። ጎረቤቶቻችንን አንወቅስም፤ እነሱ ባይኖሩ ምን እንደሚውጠን እናውቃለን። ግን በሩ ሥር የከሰል ምድጃ ይጨሳል፤ የታለበው የጡት ወተት በጡጦ ሆኖ፣ በፌስታል ታስሮ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ይውላል። ይህ ወተት ከማቀዝቀዣ ውጭ ከአራት ሰዓት በላይ እንዲቆይ አይመከርም፤ የፋብሪካ ቀን ደግሞ መንገዱ ሳይቆጠር ስምንት ሰዓት ነው።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አስገድዷል። የፋብሪካ ሠራተኛዋ የምትተዳደርበት አዋጅ ግን ይህን ግዴታ አልጻፈላትም። እስኪጻፍ ልጆቹ ማደጋቸውን አያቆሙም።

ስለዚህ የሰፈራችን ዕድር አዳራሹን ለማቆያ ሰጥቷል። ዕድር ለቀብር እንጂ ለልደት ምን አገባው ያሉ አባላት አልጠፉም፤ ስብሰባውም ሞቅ ያለ ነበር። ክርክሩን የቋጩት የዕቃ ግምጃ ቤቱን የሚጠብቁት አዛውንት ናቸው፤ አዳራሹ ለቅሶ ከሌለ ባዶውን እንደሚውል አስታውሰው፣ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ግቢው ውስጥ ይተከል አሉ። ድስቱና አግዳሚው ወደ ጓሮ ተዛውሯል፤ ወለሉን ወጣቶች በነፃ ሊሾ አድርገውታል።

የጎደለው ኮርኒስ፣ የውኃ ሮቶ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የሕፃን አልጋና ፍራሽ ነው። ከሁሉ የሚቀድመው ግን የጡት ወተት ማቆያ ማቀዝቀዣ ነው፤ መብራት ስለሚጠፋ መጠባበቂያ ባትሪም ይፈልጋል። የሞግዚቶችን ደመወዝ እናቶች በየወሩ ከሚያዋጡት ለመክፈል አስበናል፤ መዋጮው እስኪጠራቀም ድረስ ግን የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚሸፍንልን እንፈልጋለን። ፓርኩ ውስጥ ያላችሁ ፋብሪካዎች፣ ይህ ቃል በተለይ ለእናንተ ነው፤ ሠራተኛዋ ልጇ የት እንደዋለ ስታውቅ ከሥራ አትቀርባችሁም።

ገንዘብ የሚገባው በዕድሩ ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ በጽሕፈት ቤታችን በር ላይ ተለጥፏል። ወጪ ያለ ሦስት ፊርማ አይወጣም፤ ደረሰኞቹም እዚያው በር ላይ ይለጠፋሉ። በእጅ የሚሰበስብ ሰው አላሰማራንም። ዕቃ የምትሰጡ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አምጡልን፤ ያገለገለ አልጋና መጫወቻ በደስታ እንቀበላለን፣ ያገለገለ ፍራሽ ግን ይቅርብን።