የጥንታዊ ገንዘብ ክበብ፦ የተጠናቀቀው የትምህርት ዘመን ዘገባ

የጥንታዊ ገንዘብ ክበብ በትምህርት ቤታችን ካሉት ክበባት በአባላት ብዛት አነስተኛው ነው፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍል «ሳንቲም ለቃሚዎች» የሚል ቅጽል እንደወጣለትም አውቃለሁ። ክበቡ ግን ሳንቲም አይሸጥም፣ አይለውጥም፣ ዋጋም አይተምንም። ሥራው አንድን አሮጌ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እውነተኛ ነው ወይስ ተመሳስሎ የተሠራ፣ እውነተኛ ከሆነስ ይዞታው (ምን ያህል እንዳለቀና እንደተጎዳ) ምን ይመስላል የሚሉትን ጥያቄዎች በማስረጃ መመለስ ነው። ታሪክ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ በአንድ ጊዜ የሚሠራባቸው ሌላ ክበብ በግቢያችን መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሳምንታዊ ስብሰባዎቻችን በመርሐ ግብራቸው ተካሂደዋል፤ ኮሚቴ ተመርጧል፣ ደንብ ጸድቋል፣ በሰልፍ ሰዓትም አጫጭር ጽሑፎች ቀርበዋል። ዝርዝሩ በቃለ ጉባኤ መዝገቡ ስለሚገኝ እዚህ አልደግመውም።

የዓመቱ ዋና ጥናታችን በብዙ ቤተሰቦች ሣጥን ውስጥ የማይጠፋው ጠገራ ብር ነበር። ይህ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ብር ጀማሪን የሚፈትነው በላዩ የተጻፈው ዓመት ስለ ዕድሜው ምንም ስለማይናገር ነው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ካረፈች በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች የተመታው ሁሉ ያንኑ 1780 ይዞ ወጥቷል፤ ሙሶሊኒ እንኳ አገራችንን ለመውረር በተሰናዳበት በ1935 እ.ኤ.አ. መምቻውን (ምስሉን በብሩ ላይ የሚያትመውን ብረት) ከኦስትሪያ አግኝቶ በሮም አስመትቶታል። ስለዚህ ተማሪዎቻችን በመጀመሪያ የተማሩት ዘግይቶ የተመታን ከሐሰተኛ መለየት ነው፤ በይፋዊ ማምረቻ በትክክለኛው የብር መጠን የተመታ ጠገራ፣ የቅርብ ዘመን ሥራ ቢሆንም ሐሰተኛ አይባልም።

ሐሰተኛውን ግን ሚዛን ያጋልጠዋል። ትክክለኛው ጠገራ 28.07 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ወርዱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ከሺህ እጅ 833 ያህሉም ንጹሕ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። ክብደቱን አስተካክሎ መሥራት ለአስመሳዮች ያን ያህል አይከብድም፤ የሚከብደው ክብደቱንና ይዘቱን (የሚይዘውን ቦታ) አንድ ላይ ማስተካከል ነው። ውኃ የያዘ ቢከር ሚዛን ላይ አስቀምጠን ንባቡን ዜሮ ካደረግን በኋላ ገንዘቡን በክር አንጠልጥለን፣ የቢከሩን ታች ሳይነካ ውኃው ውስጥ እናጠልቀዋለን፤ ሚዛኑ ያን ጊዜ የሚያነበው ገንዘቡ የገፋውን ውኃ ክብደት ነው። እውነተኛው ጠገራ ሚዛኑን ወደ 2.75 ግራም ያደርሰዋል፤ ብር የሚመስለው የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ግን በዚያው ክብደት 3.1 ያልፋል። የአርኪሜዲስን ሕግ ለፈተና ሸምድደውት የነበሩ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን ቁጥር ሲያነቡ ያሳዩትን ደስታ የፊዚክስ ባልደረባዬ ይመሰክሩልኛል።

ይዞታን መገምገም የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ የሚያልቁት ከፍ ብለው የሚታዩት ክፍሎች ናቸው፤ እነርሱም የንግሥቲቱ ጸጉርና መሸፈኛዋ፣ በጀርባው ደግሞ የንስሩ ላባዎች ናቸው። አባቶቻችን ጠገራ ሲቀበሉ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይመረምሩ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። በአገራችን ብዙው ጠገራ ለአንገት ጌጥ ተበስቷል ወይም ማንጠልጠያ ተበይዶበታል፤ ይህ ለሰብሳቢ ጉድለት ቢሆንም ለታሪክ መምህር ግን ሌላ መረጃ ነው።

የዓመቱን መልካም ዕለት ያገኘነው ቸርችል ጎዳና ከሚገኙት የጥንታዊ ዕቃ መሸጫዎች አንዱን በጎበኘንበት ጊዜ ነው። የሱቁ ባለቤት፣ ተማሪዎቹ «ጋሼ» እያሉ የሚጠሯቸው አዛውንት፣ ጥቂት ጠገራዎችን ጨርቅ ላይ ደርድረው «መጥፎውን ለዩልኝ» አሉ። ልጆቹ በአጉሊ መነጽር ዕንቁ ቆጠሩ፣ ማግኔት አስጠጉ፣ ተከራከሩም፤ ነገር ግን አልተስማሙም። ከአባሎቻችን አንዱ ማየት የተሳነው ተማሪ ነው፤ ክበቡን ሲቀላቀል «ሳንቲም በምን ያያል?» ብለው የጠየቁ ነበሩ። ተራው ሲደርስ እያንዳንዱን በሁለት ጣቶቹ ጠርዙን ብቻ ይዞ አነሣና የአውራ ጣቱን ጥፍር በዝግታ በዙሪያው አስኬደ። የእውነተኛው ጠገራ ጠርዝ «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል የላቲን ጽሑፍ በጎላ ፊደል ተጽፎበታል። አንዱን ሁለቴ ካዞረ በኋላ «ጋሼ፣ የዚህኛው ፊደሎች ደንዝዘዋል፤ መሐላቸውንም መስመር ይቆርጠዋል» አለ። መስመሩ ገንዘቡ በመምቻ ሳይመታ በሁለት ገጽ ቅርጽ ውስጥ ቀልጦ መፍሰሱን የሚያሳብቅ መጋጠሚያ ነበር። አዛውንቱ ሣቁና «ይህ ልጅ ትምህርቱን ሲጨርስ ለእኔ ስጡኝ» አሉ። የጉዞውን ትራንስፖርት የሸፈንነው ከየኪሳችን መሆኑን ግን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም።

ችግር አልገጠመንም ማለት አይቻልም። ለዓመቱ ኤግዚቢሽን ከየቤቱ ከመጡት ገንዘቦች ከፊሎቹ «እንዲያምሩ» ተብሎ በሎሚና በአመድ ተፈትገው ደረሱን፤ የዘመን ወዙ አንዴ ከተገፈፈ አይመለስም፣ የፊቱም ጭረት እንዲሁ። ከአክሱም ዘመን ነው የተባለ ሳንቲም ይዘው የመጡልንንም ሰው በትሕትና መልሰናል፤ ከመሬት የተገኘ ቅርስ በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ለሚመለከተው አካል መቅረብ እንጂ ወደ ትምህርት ቤት ክበብ መምጣት የለበትም።

በመጪው ዓመት ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ በፓሪስ የተመቱትን የዳግማዊ ምኒልክ ገንዘቦች ለማጥናት አቅደናል። እዚህ ላይ ከኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ፣ ቁልፉ በተገኘ ቀን ብቻ የምንዋሰው ሚዛን አይበቃንም። የምኒልክ ብር ከጠገራው ጋር ተቀራራቢ ክብደት ስላለው በእርሱ ሊሞከር ይችላል፤ ከብር የተሠራችው ትንሿ ሳንቲም፣ ግርሽ፣ ግን 1.4 ግራም ብቻ ናት። በውኃ ስትመዘን በእውነተኛዋና በሐሰተኛዋ መካከል ያለው ልዩነት የሁለት መቶኛ ግራም ያህል ሲሆን፣ የእኛ ሚዛን ከአንድ አሥረኛ በታች አያነብም። ለስፖርት ክበቡ አዲስ መለያ መገዛቱ የሚያስደስት ነው፤ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) በሚቀጥለው በጀት መቶኛ ግራም የሚያነብ አንድ ሚዛን፣ አንድ ካሊፐር (የወርድና የውፍረት መለኪያ) እና ጥቂት አጉሊ መነጽሮች እንዲያስብልን በጽሑፍ ጠይቀናል፣ መልሱንም እንጠብቃለን። አሮጌ ገንዘብ በቤታችሁ ያላችሁ ወላጆችም ሳታጥቡ፣ ሳትፈትጉ፣ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ ከልጃችሁ ጋር ራሳችሁ ብታመጡልን፣ መዝነንና መዝግበን በዚያው ሰዓት እንመልስላችኋለን።