ለልጄ፦ በደረቁ ሳትገጥም ሙጫ አትንካ

አዳማ

የኔ ጌታ፣ እንደምን ሰንብተሃል?

እህትህ ደውላ ሁሉንም ነግራኛለች። የምትገጣጥመው የፕላስቲክ ሞዴል አውሮፕላን፣ የዳኮታው፣ ክንፍ አልገጥም ቢልህ በሱፐር ግሉ በግድ ለጥፈኸው፣ ተጣሞ ሲደርቅ ካርቶኑን አልጋ ሥር ወርውረኸዋል አሉ። በርና መስኮት ዘግተህ ሙጫ ስታሸት ማደርህንም ሰምቻለሁ። መጀመሪያ መስኮትህን ክፈት። ደረትህ ከአውሮፕላን ይበልጥብኛል።

የተጣመመውን አትጣለው። በፌስታል ጠቅልለህ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው፤ ሱፐር ግሉ ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ስለሚሆን ቀስ ብለህ ስትነቀንቀው ይለቃል። አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ግን እንዳታስጠጋ፣ ፕላስቲኩን ራሱን ይበላዋል።

አሁን ስማኝ፦ በደረቁ፣ ማለት ያለ ሙጫ፣ ሳትገጥም ሙጫ አትንካ። ክፍተቱ የሚታየው ክንፉ ላይ ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከውስጥ ነው። የአብራሪዎቹ ክፍል ወለል ጥቂት ሰፋ ካለ ሁለቱን የአካል ግማሾች እየገፋ አላዘጋ ይላል። በፕላስተር ይዘህ ሞክረው፤ ስፌቱ፣ ግማሾቹ የሚገናኙበት መስመር፣ ከከፈተ የወለሉን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት እያሳነስክ ደጋግመህ ግጠም። አካሉ ጠብቦ ክንፉ በሚገጥምበት ግራና ቀኝ ክፍተት ከተወ ደግሞ፣ ክፍሎቹ ተያይዘው ከመጡበት ፍሬም ቁራጭ ቆርጠህ ከውስጥ አግድም ደግፈው፤ ግድግዳው ወጣ ብሎ ክንፉን ያገኘዋል። ይህ ሁሉ አካሉ ከመዘጋቱ በፊት ነው። ማጋጠሚያ ፒኖቹ ካልተናበቡ ቁረጣቸውና በዓይንህ አስተካክል።

1 ሚሊሜትር ትንሽ እንዳትመስልህ። ሞዴሉ የእውነተኛው 1/72 ስለሆነ፣ በእውነተኛው ላይ 7.2 ሴንቲሜትር ነው፤ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ!

መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የአየር መንገዳችን የመጀመሪያ በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የሄደው በዚሁ ዓይነት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ሲ-47ቶች ነበሩ፣ ሲ-47 ማለት ዳኮታው ራሱ ነው፤ ሰው ግራና ቀኝ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ዕቃው መሃል ይታሰር ነበር። አያትህ የዚያን አውሮፕላን ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ነው ያረጀው። የልጅ ልጁ ይህን ሲሠራ ሳያይ ማለፉ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቢኖር ኖሮ ቀድሞ የሚያየው ክንፉን ነበር፦ ሞተሮቹን የያዘው የመሃሉ ክፍል ቀጥ ብሎ መተኛቱን፣ ከሞተሮቹ ውጭ ያለው ብቻ ቀና ማለቱን። አንተ በግድ ስትጫን መሃሉንም ቀና አድርገኸው ይሆናል። ስለዚህ ነው በደረቁ ግጠም የምልህ።

ሲገጥምልህ የፕላስቲክ ሙጫውን በብሩሽ ጫፍ ስፌቱ ላይ አስነካው፣ ራሱ ይሰርጋል። ሁለቱን ፕላስቲኮች አሟሙቶ አንድ ስለሚያደርጋቸው በፕላስተር አስረህ አንድ ቀን ሙሉ አትንካው። ሰፊ ክፍተት ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ቁራጭ አስገባ፤ ስቱኮ ለስሱ ብቻ ነው። እሱም ሲደርቅ ስለሚኮማተር አንዴ አትሙላው፣ ስስ አድርገህ ደራርብ። የተሳፋሪ መስኮቶቹን በሱፐር ግሉ አትንካ፤ ትነቱ ነጭ ጭጋግ ይጥልባቸዋል። ነጭ ኮላ ይበቃቸዋል።

ፈተናህ እያለ ሌሊት እንዳትሠራ፣ ብሰማ እቆጣለሁ። ሙጫም በደረቁ ሳትገጥም!

ቅዳሜ በአውቶብስ 400፣ 600 እና 1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ከቆሎ ጋር እልክልሃለሁ። ከሻካራው ጀምር፣ ውኃ እየነከርክ። ሐዋሳ መናኸሪያ ሄደህ ተቀበል፤ ስልክህንም አትዝጋ።

እናትህ